ሽማግሌ ተመርጦ ሳለ ከፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ መጠየቅ ይቻላል? ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ



በወልድያ ከተማም ሆነ በመርሳና በሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች ሁለት ሰዎች በንብረት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚታሰበው ፍርድ ቤት አይደለም። «በሽማግሌ ይታይ» ይባላል። የመስጊዱ ኢማም፣ አንድ ሁለት የተከበሩ ሐጂ፣ ከነጋዴውም ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይመረጣል። ይህ ወግ ጉርብትናን ያቆያል፣ ወጪን ይቀንሳል፣ የቤት ምስጢርንም ይጠብቃል። ችግሩ ጊዜ ነው። አንዱ ሽማግሌ ደሴ ሄዷል፣ ሌላው ታሟል፣ ወዲያው ደግሞ ረመዳን ይገባል። በዚህ መሐል መጋዘን ውስጥ ያለው እህል ይሸጣል፣ መኪናው በሌላ ሰው ስም ይዛወራል፣ ባንክ ያለው ገንዘብም ይወጣል። ሽማግሌዎቹ ከሦስት ወር በኋላ «ሐቁ የእገሌ ነው» ብለው ቢወስኑም እጅ የሚገባ ነገር አይገኝም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚጨነቀው «ሽማግሌ መርጬ ፈርሜ ሳለ ፍርድ ቤት ብሄድ ውሌን አፈረስኩ ይባላል ወይ?» ብሎ ነው። አጭሩ መልስ «አይባልም» ነው። ዋናው ክርክር በግልግል ዳኞች እንዲያልቅ የተስማማ ሰው፣ ዳኞቹ እስኪወስኑ ንብረቱ እንዳይጠፋ ፍርድ ቤትን ጊዜያዊ እግድ ቢጠይቅ ስምምነቱን አልጣሰም። ጥያቄው ግን በልክ መቅረብ አለበት። ከልኩ ካለፈ ሽምግልናውንም ሊያሳጣ ይችላል። ከዚህ በታች የምናብራራው ይህንን ልክ ነው።

«ሽማግሌ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በእኛ አካባቢ «ሽማግሌ» የሚለው አንድ ቃል በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። አንደኛው ዕርቅ ነው። አስታራቂው ሁለቱን ወገኖች ያቀራርባል፣ ሐሳብ ያቀርባል፣ ካልተቀበሉት ግን ሊያስገድዳቸው አይችልም። ሁለተኛው የግልግል ዳኝነት ነው። በዚህኛው ሁለቱ ወገኖች «እናንተ የፈረዳችሁትን እንቀበላለን» ብለው በጽሑፍ ይፈርማሉ፣ ዳኞቹም ማስረጃ ሰምተው ይወስናሉ፣ ውሳኔው አስገዳጅ ነው።

ሁለቱንም የሚገዛው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ጉዳዩ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3344 መብት እንዳይጠፋ ለመከላከል የሚወሰድ የጥበቃ እርምጃ የግልግል ስምምነቱን እንደማያስቀር ያኔም ይናገር ነበር። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን እግድን የሚያነሳው ክስ ከመኖሩ ጋር አያይዞ ስለሆነ «ክስ በሌለበት እግድ ከየት ይመጣል?» የሚል ሙግት ለማንሳት ያመች ነበር። አዲሱ አዋጅ ይህን ግልጽ አድርጎታል። የግልግል ስምምነት ያለው ሰው ግልግሉ ከመጀመሩ በፊትም ሆነ ከተጀመረ በኋላ ከፍርድ ቤት ጊዜያዊ የጥበቃ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ወረቀት አንብቡት። «ሽማግሌዎች ያስማሙን» የሚል ብቻ ከሆነ ዕርቅ ነው። በዚያ ጊዜ የሚሻለው መንገድ ክስ መክፈት፣ ከክሱ ጋር እግድ መጠየቅ፣ ዕርቁንም ጎን ለጎን መቀጠል ነው። ዕርቁ ከተሳካ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ ማጸደቅና መዝገቡን መዝጋት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 274 እና ተከታዮቹ የተፈቀደ ነው። ክስ መክፈት ዕርቅን አይከለክልም። ወረቀቱ «ሽማግሌዎች የሚሰጡት ውሳኔ የመጨረሻ ይሁን» የሚል ከሆነ ግን ግልግል ነው፤ ዋናውን ክስ ፍርድ ቤት ማቅረብ አያስፈልግም፣ ብልህነትም አይደለም። ለእግዱ ብቻ የተዘጋጀ አቤቱታ ይበቃል።

ምንም ወረቀት ከሌለስ? ቃል ብቻ ከሆነ ሕጉ የሚያውቀው የግልግል ስምምነት የለም ብሎ መነሳት ይሻላል። ሽማግሌዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ አንድ ገጽ ጽፎ፣ ሁለቱ ወገኖች ከሁለት ምስክር ጋር ቢፈርሙ ግማሹ ጭንቀት በዚያው ያልቃል።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ለምን አያግዱም?

አዋጁ የግልግል ዳኞችም ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ሆኖም ሁለት ቦታ ላይ እጃቸው ያጥራል። አንደኛ፣ ገና ካልተመረጡና ካልተቀመጡ ትእዛዝ የሚሰጥ አካል የለም፤ ንብረት የሚሸሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠቡ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ የሚያዘው የመረጡትን ሰዎች ብቻ ነው። ባንኩ አልመረጣቸውም። የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አልፈረመላቸውም። ሽማግሌዎች ማኅተም አስቀርጸው እንኳ ደብዳቤ ቢጽፉ ባንኩ ሒሳብ አይዘጋም።

ይህ ለሸሪዓ ዕውቀት እንግዳ ነገር አይደለም። በፊቅህ ተሕኪም የታወቀ በር ነው። ሱረቱ ኒሳእ በ35ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት ሲጋጩ ከሁለቱም ቤተሰብ አንዳንድ ሐከም እንዲላክ የሚያዝ መሆኑን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል። ሐከም ግን ቃዲ አይደለም። ቃዲው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከመሪው ሹመት ሲሆን ሐከሙ የሚያገኘው ከሁለቱ ተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። የሐነፊን መዝሀብ ተከትሎ በኦቶማን ዘመን የተጻፈው መጀላ ይህን በግልጽ አስፍሮታል። በአንቀጽ 1842 የሐከም ፍርድ የሚሠራው በመረጡት ሰዎች ላይና በመረጡት ጉዳይ ብቻ ነው። በአንቀጽ 1847 ደግሞ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ማንኛቸውም ሊያሰናብቱት ይችላሉ። በነገራችን ላይ ከአገራችን ሕግ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ በአዋጅ 1237 መሠረት የተፈረመ የግልግል ስምምነት አንዱ ወገን ስለተቆጣ ብቻ አይፈርስም። ለዝርዝር የሃይማኖት ጥያቄ ዓሊሞችን መጠየቅ ይገባል። እዚህ ላይ ማሳየት የፈለግነው አማና እንዳይባክን ሥልጣን ያለውን አካል መለመን ሽማግሌን መናቅ እንዳልሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

የሚከተለው ለማስረዳት የታሰበ ምሳሌ እንጂ የማንም ታሪክ አይደለም። ሁለት ሰዎች በመርሳ በሽርክና ሽንኩርትና ጤፍ ይነግዳሉ። አንደኛው ገንዘብ አውጥቷል፣ ሌላው ጉልበቱንና ልምዱን አዋጥቷል፤ ትርፉን እኩል ሊካፈሉ ተስማምተዋል። ውሉ ላይ «አለመግባባት ቢነሳ ሁለታችን አንዳንድ፣ እነሱም ሦስተኛ መርጠው ይፍረዱን፤ ፍርዳቸው የመጨረሻ ነው» ይላል። ሽንኩርቱና ጤፉ መርሳ መጋዘን ነው። የጭነት መኪናው በሠራተኛው ሸሪክ ስም ተመዝግቧል። ገንዘቡ ወልድያ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ በእሱው ሒሳብ ነው። ሒሳብ ሲጠየቅ ተቆጣ፣ ስልክ ማንሳት አቆመ፣ መኪናውን ለሽያጭ እንዳቀረበም ተሰማ።

ገንዘብ ያወጣው ሰው ሁለት ነገር በአንድ ቀን ይሠራል። ለሸሪኩ በጽሑፍ «የእኔን ሽማግሌ መርጫለሁ፣ አንተም ምረጥ» ብሎ ያሳውቃል፤ ያሳወቀበትን ማስረጃም ይይዛል። በዚያው ቀን ለፍርድ ቤት የእግድ አቤቱታ ያቀርባል። ሽማግሌ የመምረጡን ነገር ወደ ኋላ ብሎ እግዱን ብቻ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ፍርድ ቤቱን «ይህ ሰው የፈለገው ግልግል ሳይሆን ባላጋራውን ማነቅ ነው» ያሰኘዋል፤ እግዱም ሊነሳበት ይችላል።

ፍርድ ቤቱ ምን ይመለከታል? የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ያለው ክፍል እግድ የሚሰጠው በክርክር ላይ ያለው ንብረት ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ሊተላለፍ መሆኑ ሲታወቅ፣ ወይም ተከሳሹ ባለገንዘቦቹን ለመጉዳት ንብረቱን ሊያሸሽ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ይላል። ማረጋገጫው ቃለ መሐላና ሌላ ማስረጃ ነው። የግልግል አዋጁም ተመሳሳይ ሚዛን አለው፤ እግዱ ባይሰጥ በገንዘብ ካሣ በቀላሉ የማይጠገን ጉዳት ይደርሳል ወይ፣ ያ ጉዳት እግዱ በሌላው ላይ ከሚያደርሰው ይበልጣል ወይ፣ ጠያቂው በዋናው ጉዳይ የመርታት ተስፋ አለው ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ይነሳሉ። «እኔ እፈራለሁ» ማለት አይበቃም። መኪናው ለሽያጭ መቅረቡን የሚያሳይ የደላላ መልእክት፣ ከሒሳቡ ገንዘብ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት፣ ከመጋዘን ጭነት ሲወጣ ያየ ምስክር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ እንምጣ። ብዙ ሰው እግድ ሲል በሩን ማሸግ ብቻ ይመስለዋል። ጤፍ ታሽጎ ወራት ይቆያል። ሽንኩርት ግን ይበሰብሳል። መጋዘኑን አሽጎ ሁለት ወር ሽማግሌ የሚጠብቅ ሰው ያተረፈው የሁለቱንም ኪሳራ ነው። ለእንዲህ ያለ ንብረት የሚጠየቀው ትእዛዝ ሌላ ነው፦ ሽንኩርቱ ሁለቱም ባሉበት ወይም በገለልተኛ ሰው ፊት በቀኑ የገበያ ዋጋ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ውሳኔ እስኪሰጥ በፍርድ ቤት ወይም ማንም ብቻውን በማያወጣበት ሒሳብ ይቀመጥ። ለመኪናውም ቆሞ እንዲዝግ ከማድረግ ይልቅ ሥራውን እየሠራ ስሙ እንዳይዛወርና እንዳይሸጥ፣ ገቢውም በየወሩ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይሻላል። ዳኛ ፊት ይዛችሁ የምትቀርቡት ጥያቄ ባላጋራችሁን በትንሹ የሚጎዳ፣ ንብረቱን ግን በደንብ የሚጠብቅ ሲሆን የመሰማት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አቤቱታው ላይ ምን ይጻፍ?

ከሁሉ በፊት የግልግል ስምምነቱን አትደብቁ። አንዳንድ የራፖር ጸሐፊ «ይህን ካነሳን ዳኛው ይመልሰናል» ብሎ ይመክራል። መጥፎ ምክር ነው። ውሉን ከአቤቱታው ጋር አያይዙትና በመጀመሪያዎቹ መስመሮች «ዋናው ክርክር በውላችን መሠረት በግልግል ዳኞች የሚታይ ነው፤ ይህ አቤቱታ ዳኞቹ እስኪወስኑ ድረስ ለጊዜያዊ እግድ ብቻ የቀረበ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ጥቂት ቢመስልም ሽምግልናችሁን የሚጠብቀው እሱ ነው። በአቤቱታው መጨረሻ «ድርሻዬን ይወስንልኝ»፣ «ትርፌን ይክፈለኝ» የሚል ከገባ ነገሩ ወደ ዋና ክስነት ይሄዳል። ዋናውን ጉዳይ ራሳችሁ ለፍርድ ቤት ከሰጣችሁ በኋላ «ሽማግሌ ነበረን» ብላችሁ መመለስ ይከብዳል።

ንብረቱን በትክክል ግለጹት። የመኪናው ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ የባንኩ ስም፣ ቅርንጫፉና የሒሳብ ቁጥሩ፣ መጋዘኑ ያለበት ቀበሌ፣ የጆንያው ብዛት ይጻፍ። «ያለው ንብረት ሁሉ ይታገድ» የሚል ጥያቄ ትእዛዝ ቢገኝበት እንኳ የሚፈጽመው አካል ይቸገራል። ቃለ መሐላው ላይ የምታውቁትንና የሰማችሁትን ለዩ። ሐሰተኛ ቃለ መሐላ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ሳይረሳ፣ በአላህ ፊት ያለው ክብደት ደግሞ ለሙስሊም የሚነገር አይደለም።

ፍርድ ቤቱ ዋስትና አስይዙ ሊል ይችላል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያሳገደ ሰውም በሌላው ላይ ላደረሰው ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ እግድን ለማስፈራሪያ መጠቀም በራስ ላይ ዕዳ መጥራት ነው። አቤቱታው የሚቀርበው በሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሁን በወልድያ በሚገኘው የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደ ገንዘቡ መጠንና እንደ ጉዳዩ ዓይነት ስለሚለያይ አስቀድሞ ሬጅስትራሩን መጠየቅ ምልልስ ይቀንሳል።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ቸል ሲባል ይታያል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ በኪስ ሆኖ አያግድም። ግልባጩ በዚያው ቀን ለባንኩ፣ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ወይም ለሚመለከተው ሁሉ ደርሶ፣ የተቀበለው ክፍል ማኅተም አድርጎ፣ ቀንና ሰዓት ጽፎ ሊመልስላችሁ ይገባል። ገንዘቡ ወልድያ፣ መጋዘኑ መርሳ ከሆነ አንድ ሰው ባንክ ቤት፣ ሌላው መጋዘን ቢሄድ ይመረጣል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እናንሳ። ባንክ ለሰጠው ብድር በመያዣ የያዘውን ንብረት በአዋጅ ቁጥር 90/1990 ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሁለት ሸሪኮች እርስ በርሳቸው ያሳገዱት ንብረት ለባንክ መያዣ የሆነ ከሆነ እግዱ ባንኩን ያስቆማል ብለው እንዳይተማመኑ፤ ከባንኩ ጋር ለብቻው መነጋገር ያስፈልጋል።

ግልግል የማይገባባቸው ጉዳዮች

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአዋጅ 1237 አንቀጽ 7 በግልግል ዳኝነት የማይታዩ ጉዳዮችን ይዘረዝራል። ከነዚህ ውስጥ ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ የወንጀል ጉዳይ፣ ግብር፣ እንዲሁም ሊዝን ጨምሮ ማንኛውም የመሬት ጉዳይ ይገኛሉ። ወሎ በአበጋር ደም እስከማድረቅ የደረሰ የዕርቅ ባህል ያለው አገር ነው፤ ዕርቁ ቂም ያወርዳል፣ የወንጀሉን ክስ ግን በራሱ አያቆምም። እንደዚሁም ሽማግሌ ወራሾችን አስማምቶ በፈቃዳቸው ሊያካፍል ይችላል፤ ካልተስማሙ ግን «የግልግል ዳኛ ነኝ» ብሎ ውርስ ሊፈርድ አይችልም።

የዚህ ጉዳት በአብዛኛው የሚያርፈው በሴቶች ላይ ነው። አባት ይሞታል፣ ወንድም ቤቱንና ከብቱን ይይዛል፣ እህቶች ድርሻቸውን ሲጠይቁ «በሽማግሌ ተይዟል፣ ምን አጣደፋችሁ» ይባላሉ። ዓመት ያልፋል፣ ከብቱ አንድ በአንድ ይሸጣል፣ ቤቱ ይከራያል። ይህ ሽምግልና ሳይሆን ማዘግየት ነው። እህቶቹ ግልግል ውስጥ ስላልሆኑ የግልግል እግድም አይመለከታቸውም። መንገዳቸው ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት፣ ወይም ሁሉም ወገን ከፈቀደ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድና እግዱን እዚያው መጠየቅ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሽማግሌ አይደለም፤ በሕግ የተቋቋመ የመንግሥት ፍርድ ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) እና 78(5) መሠረቱ ናቸው። በፌዴራል ደረጃ ያሉትን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሲሆን በክልላችን ያሉት በክልሉ ሕግ ይመራሉ። የፌዴራሉ አዋጅ ፍርዱ በእስልምና ሕግ፣ ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ቃዲ ፊትም በሚራስ ንብረት ላይ እግድ መጠየቅ ይቻላል። ፈቃድ ግን ዋናው በር ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ጉዳይ የተቃወመችን ሴት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃዷ መዳኘቱ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወስኗል። በፌዴራሉ አዋጅ አንዴ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ጉዳዩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም። ከመፈረም በፊት ማሰብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በፍቺ ጊዜ ስላለው የንብረት ጥበቃ የክልሉ ቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን።

የመሬት ነገር በሀብሩ የመስኖ አካባቢዎች ግራ ያጋባል። ሁለት ሰዎች በእኩል ያረሱት ማሳ ላይ ሲጣሉ ክርክሩ ስለ ይዞታው ነው ወይስ ስለ ሰብሉ ገንዘብ? ይዞታው ከሆነ ግልግል አይገባም። ስለተሸጠው ሰብል ድርሻ ብቻ ከሆነ የገንዘብ ክርክር ነው ብሎ ለመሟገት ይቻላል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጠበቃ ሳያማክሩ መግባት አያዋጣም።

እግዱ የመጣባችሁ እናንተ ብትሆኑስ?

መጀመሪያ ትእዛዙን አክብሩ። ስሕተት ነው ብላችሁ ብታምኑም መጣስ ያስቀጣል፣ በሽማግሌዎቹም ፊት ያሳፍራል። ከዚያ እግዱ እንዲነሳ ወይም እንዲሻሻል አመልክቱ፤ ለምሳሌ በቂ ዋስ አቅርባችሁ መኪናው ሥራ ላይ እንዲውል ጠይቁ። ባላጋራችሁ ከእግድ አልፎ ዋና ክስ ካቀረበባችሁ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 መሠረት «ጉዳዩ በግልግል የሚያልቅ ነው» የሚለውን መቃወሚያ በመጀመሪያው መልሳችሁ አንሱ። ቆይቶ የሚነሳ መቃወሚያ እንደተተወ ይቆጠራል። ዋናውን ክርክር መልስ እየሰጡ ቆይቶ በሦስተኛው ቀጠሮ ሽማግሌ ማስታወስ አይሠራም።

ዐረብ አገር ያሉ እህትና ወንድሞች

ከሀብሩና ከወልድያ ዙሪያ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሄደ ሰው ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። ጅዳ የምትሠራ እህት ለዓመታት ገንዘብ ልካ፣ ወንድሟ መኪና ገዝቶበት ወይም ሱቅ ከፍቶበት ጠብ ቢነሳ፣ ብዙ ጊዜ ለአጎት ወይም ለጎረቤት ውክልና ሰጥታ «በሽማግሌ ጨርስልኝ» ትላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 እንደሚለው ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር መታረቅ፣ ጉዳዩን ለግልግል መስጠት ወይም ክስ ማቅረብና መከላከል አይችልም። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። በኤምባሲው ወይም በቆንስላው በሚዘጋጀው ውክልና ላይ መታረቅ፣ የግልግል ስምምነት መፈረም፣ ክስና የእግድ አቤቱታ ማቅረብ እያንዳንዳቸው በስማቸው ይጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ሽማግሌው የጨረሰው ነገር ሊፈርስ፣ የእግዱ አቤቱታም በሩ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ውሉ የተፈረመው እዚያው ሳዑዲ ከሆነና ግልግሉም እዚያ ከሆነ፣ የዚያም አገር የ2012 እ.ኤ.አ. የግልግል ሕግ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የተቀበለችው የኒውዮርክ ስምምነት በውጭ አገር የተሰጡ የግልግል ፍርዶች እዚህ እንዲፈጸሙ መንገድ ይከፍታል። መርሳ ያለን መጋዘን ነገ ጠዋት ለማስጠበቅ ግን የሪያድ ወረቀት እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ንብረቱ ባለበት ያለው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ይርጋና ሰነድ

የውል ገንዘብ ጥያቄ በመርህ ደረጃ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ አንዳንድ ጥያቄዎች ከዚያ ያጠረ ጊዜ አላቸው። ሽማግሌ ቤት የተባከነ ዓመት በራሱ ይርጋውን ያቆማል ብላችሁ አትተማመኑ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1851 ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ወይም ባለገንዘቡ ክስ ሲያቀርብ ይርጋ እንደሚቋረጥ ይናገራል። ስለዚህ በሽማግሌው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ያልተካደውን ያህል እንኳ «ይህን ያህል እንዳለብኝ አምናለሁ» ብሎ ባለዕዳው እንዲፈርም አድርጉ።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆዩባቸው ወራት በመሥሪያ ቤቶች ሰነድና ንብረት ላይ ጉዳት መድረሱን የአካባቢው ሰው ያውቃል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ባለው የክልሉ ግጭትም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። የውሉ ዋና ቅጂ አንድ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ ሌላ፣ ወልድያ ወይም ደሴ ባለ ዘመድ ቤት የተቀመጠ ሦስተኛ ቅጂ ይኑር።

አዲስ ውል የምትጽፉ ደግሞ በግልግሉ አንቀጽ ሥር ይህን ጨምሩ፦ «የግልግል ዳኞች እስኪሰየሙና እስኪወስኑ ድረስ ማንኛችንም ንብረቱን ለማስጠበቅ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ ብንጠይቅ ይህን ስምምነት እንደጣስን አይቆጠርም። እያንዳንዳችን ማስታወቂያ በደረሰን በ10 ቀን ውስጥ ዳኛ እንመርጣለን። ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ በገበያ ዋጋ ተሽጦ ገንዘቡ በሁለታችን ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይቀመጣል።» የቀኑን ቁጥር እንደ ሥራችሁ ቀይሩት፤ ለሽንኩርት ነጋዴ 10 ቀንም ብዙ ነው።